ጉዳዩ፦ ሀኒፋ እና ሐኒፋ አንድ ሰው መሆናቸውን ስለማሳወቅ

ለክቡር አቶ ደምመላሽ
የወረዳችን የነዋሪዎች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፤ ይኸውም በየቀኑ እንደሚነገረኝ ስብሰባ ላይ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በሰላምና በፍቅር፣ የጽሕፈት ቤትዎን ማኅተም ደግሞ በተለመደው ጥብቅ ጥበቃ ሥር ሆኖ እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። ማኅተሙን ከቤተሰብዎ ቀጥዬ ማንሣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ባለፉት ዘጠኝ ቀናት ደጅዎ ስመላለስ ከሁላችንም ይልቅ የሚሳሳለት እርሱ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ነገሩ የተበላሸበትን ደቂቃ በትክክል ስለማውቀው ከዚያው ልጀምር። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መታወቂያዬን ላሳድስ ስቀርብ፣ በመስኮት ቁጥር ሁለት የሚያስተናግዱት ወይዘሮ አይናዲስ የቤታችንን ማኅደር ከፈቱ፤ የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት ማኅደሩ ላይ፣ የቀኙን መታወቂያዬ ላይ አሳረፉና ሁለቱን ጣቶች እኩል እያንቀሳቀሱ ስሜን ሊያነቡ ተነሡ። ሁለቱም ጣቶች የመጀመሪያው ፊደል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተንቀሳቀሱም።

«እዚህ ያለችው ሀኒፋ ሌላ ናት፤ አንቺ ሐኒፋ ነሽ» አሉኝ።

ጆሮዬ የሰማው አንድ ስም ብቻ ስለነበረ፣ ወይዘሮዋ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ እንዲደግሙልኝ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ደገሙልኝ። ሁለተኛ ጊዜም የሰማሁት አንድ ስም ነው። በመጨረሻ ማኅደሩን ወደ እኔ አዙረው ሲያሳዩኝ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የቤታችን ማኅደር ላይ ስሜ የተጻፈው አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ በተቀመጠችው ሀ ሲሆን፣ መታወቂያዬ ላይ ግን በሦስት እግሮቿ በቆመችው ሐ ነው። ማኅደሩን አባቴ ሱፊያን ረሻድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ በገዛ እጁ ሞላው፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤትም ማኅተም መታበት። መታወቂያውን ከአምስት ዓመት በፊት የጻፈው ተስፋማርያም የሚባል፣ አሁን ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ የእርስዎ ሠራተኛ ነው፤ በእርሱም ላይ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ማኅተም መታበት። በሁለቱ መካከል ተቀርቅሬ የቀረሁት እኔ ግን ምንም አልጻፍኩም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩበት ምክንያትም ይኸው ነው። በዝግ ፖስታ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች «መዝገብ ቤት ወርደዋል» ተብያለሁ፤ ስለ መውጣታቸው ግን እስካሁን የተናገረ የለም።

ክቡርነትዎ ምናልባት ረስተውት ከሆነ፣ የከተማችን ምክር ቤት ምርጫ እየደረሰ ነው። ከፒያሳ ወደ ውቤ በረሃ በሚወስደው መንገድ ጀርባ ባለችው ቅያሳችን አሥራ ዘጠኝ ቤት ነበርን፤ አሁን የቀረነው ስድስት ነን፤ የቀረነው ስድስት እንቆይ ወይስ እንነሣ የሚለውን የሚመክርበት ይኸው የሚመረጠው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የሰፈራችን የሴቶች እድር «የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ሰዎችን ለምርጫው እንዳዘጋጅ አደራ ሰጠኝ። ለስድስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእድሩ ድንኳን በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ለአርባ አንድ ጎረቤቶቼ አንድ ሰው ለመምረጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ አስተማርኩ። መታወቂያችሁን አሳድሱ አልኩ። ጣቢያችሁን ቀድማችሁ እወቁ አልኩ። ካርዳችሁን በእጃችሁ ሳታስገቡ እንቅልፍ አይውሰዳችሁ፤ ማንን እንደመረጣችሁ ለባላችሁም፣ ለልጃችሁም፣ ለቡድን መሪያችሁም የመናገር ግዴታ የለባችሁም አልኩ። ዛሬ አርባ አንዱም ካርዳቸውን ይዘዋል። ካርድ የሌላት አስተማሪያቸው ብቻ ናት፤ የምርጫ ጣቢያው የታደሰ መታወቂያ አምጪ ብሎኛል፤ መታወቂያ የሚያድሰው ደግሞ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ብሔራዊ መታወቂያሽስ ለምትሉኝ ወዳጆቼ፣ እርሱ ማን እንደሆንኩ እንጂ የት እንደምኖር አይናገርም ተብያለሁ።

ከዚህ የተነሣ ትምህርቴ ጉድለት እንደነበረበት ተረድቻለሁ። በእርስዎ ደጅ ባገኘሁት እውቀት ላርመው ስለምወድ፣ ለቀጣይ መራጮች ይጠቅም ዘንድ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እኔ ሞኟ «መታወቂያችሁን አዘጋጁ» እል ነበር። አሁን እንደተማርኩት ግን መራጭ ለመሆን የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማዘጋጀት ያለበት ስሙን ነው፤ የሚሻለውም ከመወለዱ በፊት ከወረዳው ጋር በፊደሉ ቢስማማ ነው። እውቀትን መደበቅ ስለማይገባ እኔም አንድ ነገር ልመስክርብዎ፤ ይቅርታ፣ ልመስክርልዎ። እንጀራዬ አምስት ኪሎ አጠገብ ባለች ማተሚያ ቤት የሰውን ጽሑፍ ማረም ስለሆነ ከፊደል ጋር ቀኑን ሙሉ ነው የምውለው። ስሜ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ አንድ ጥብቅ ሊቅ ቢጠየቅ ለዐረብኛው ድምፅ የምትቀርበው ባለ ሦስት እግሯ ሐ ናት ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ይህን ክርክር በነጻ ሰጥቼዎታለሁ፤ ከፈለጉ ይጠቀሙበት። ነገር ግን በአማርኛችን ሀም፣ ሐም፣ ኀም ካንድ ጉሮሮ በአንድ ድምፅ መውጣት ከጀመሩ ዘመናት አልፈዋል። ልብስ ሰፊው አባቴ የፊደል ገበታን የመጀመሪያ ፊደል ለመጀመሪያ ልጁ ሰጣት፤ ከዚህ የተለየ ፍልስፍና አልነበረውም። አንድን ስም በሀም በሐም መጻፍ ፊደል የቆጠረ አገር ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከአንዷ ሴት ሁለት ሴት ማውጣት ግን፣ በእውነቱ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ያገኘው ጥበብ ነውና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ «ከሁለት አንዷ ለመሆንሽ ሦስት ምስክር አምጪ» በመባሌ አመሰግናለሁ። ምስክሮቹ በዚህ ወረዳ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩ፣ መታወቂያቸው የታደሰ፣ ዝምድና የሌላቸው መሆን አለባቸው። እንዴት ያለ ፍትሐዊ መስፈርት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ የአሥራ ሦስቱ ቤት ጎረቤቶቼ ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ተበትነው፣ መታወቂያቸውም ወደየሄዱበት ተዛውሯል፤ በመስፈርትዎ መሠረት በደንብ የሚያውቁኝ ሁሉ የማያውቁኝ ሆነዋል። ከቀሩት ውስጥ ግድግዳ የምንጋራቸውን ሰዓት ጠጋኙን ጋሽ ሚናስን ባለፈው ሐሙስ ይዣቸው መጣሁ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት አይወድም፤ የእርስዎ መስኮት ቁጥር ሁለት ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስለ ቁጥሩ መስማማትም አመሰግናለሁ።

ጋሽ ሚናስ ጉዳዩ ሲነገራቸው ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ሀኒፋዬ፣ ሁለት ከሆንሽማ ሁለት ካርድ ይስጡሽ፤ አንደኛውን ታከራዪዋለሽ» አሉ። ሰልፉ ሳቀ። ጥበቃውም ሳቀ። ወይዘሮ አይናዲስም እንዳይታይባቸው ማኅደሩን ወደ ፊታቸው ከፍ አድርገው ሳቁ። ከዚያም ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው ለጋሽ ሚናስ ለምስክር የሚገባውን ጥያቄ አቀረቡላቸው፤ «አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት የቷን ነው፣ የሀዋን ነው የሐዋን?»

ጋሽ ሚናስ «እኔስ የማውቃት በልቅሶዋ ነው» አሉ። «የተወለደች ሌሊት ጀምራ ዓመት ሙሉ አላስተኛችኝም። በየትኛው ፊደል ታለቅስ እንደነበር ግን አልጠየቅኋትም።»

ቃላቸው አልተመዘገበም። ልቅሶ የጽሑፍ ማስረጃ አይደለም ተባልን። ሽማግሌው ደረጃውን ሲወርዱ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ እኔ ሰዓት ስጠግን አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ከቆጠረብኝ የተበላሸው ሰዓቱ ነው እላለሁ፤ እነዚህ ግን ሰዓቱን ትተው ቀኑ ተበላሽቷል ይላሉ» አሉኝ። ይህን እንዳደርስልዎ አላዘዙኝም፤ በራሴ ፈቃድ ነው ያደረስኩት።

ሦስተኛ፦ በመስኮት ቁጥር ሁለት መስተዋት ላይ፣ በአፍና በጆሮ ትክክል፣ «ድምፅዎ ይሰማል፤ ይመዝገቡ፣ ይምረጡ» የሚል ትልቅ ባለቀለም ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለማነጋገር የሚፈልግ ሰው ከማስታወቂያው ሥር በቀረችው ክፍተት በኩል እንዲሰማ ወገቡን አጥፎ ይናገራል። ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ፤ ስለ ወገባችን ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

አራተኛ፦ እናቴን መይሙናን ሰኞ ዕለት ስላስተናገዱልኝ አመሰግናለሁ። እናቴ አትክልት ተራ እዚሁ በነበረበት ዘመን ሃያ ሁለት ዓመት ሽንኩርት ቸርቻሪ ነበረች፤ ከእርሷ ጋር ዋጋ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው በሕይወት ስለመኖሩ መረጃ የለኝም። ቤት እንድትቀር ብለምናትም «የወለድኳትን ልጅ ጉዳይ ልይላት» ብላ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ። ወይዘሮ አይናዲስ ጉዳዩን በትዕግሥት አስረዷት፤ እናቴም በትዕግሥት አዳመጠቻቸው፤ ለእናቴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲጨርሱ እንዲህ አለቻቸው፦

«እኔ የወለድኩት አንድ ነው። ሌላዋን እናንተ ከወለዳችኋት እናንተው አሳድጉ፤ ይቺን ግን ስጡኝ፣ ይመሽብናል።»

መልሱ «እናት ዝምድና ስላላት ምስክር አትሆንም» የሚል ነበር። ወጥተን መንገዱን ተሻገርን። እናቴ ቆም ብላ «ታዲያ ዝምድና እንዳለን አመኑ ማለት ነው» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ይህ አልታየኝም ነበር። እናቴ የሀኒፋ እናት ስለሆነች ለሐኒፋ ምስክር መሆን ካልቻለች፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በራሱ አንደበት አረጋግጧል። ይህን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ማክሰኞ ጠየቅሁ። በቃል የተባለ ነገር በጽሑፍ አይሰጥም ተባልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በንጹሕ ልብ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። በሰልፉ ላይ ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ የሚደረግ ተንኮል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ተንኮል ሥራ ይጠይቃል።

አምስተኛውና ዋናው ምስጋና የእርስዎ የራስዎ ነው። ትናንት ረቡዕ፣ በሁለት ስብሰባዎች መካከል፣ ቢሮዎ አስገብተው አነጋገሩኝ። ወንበር ሰጡኝ። «እኅቴ» አሉኝ። ችግሬ እንደሚገባዎና እርስዎም የሴት ልጅ አባት እንደሆኑ ነገሩኝ። ከዚያም ከመሳቢያዎ አንድ ቅጽ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉልኝና ከጎኑ እስክሪብቶ አስቀመጡ። «እዚህ ጋ ፈርሚና ዛሬውኑ በመታወቂያሽ ሐ ጨርሺ፤ አንድ ፊደል ነው፣ ምን ያካብድሻል» አሉኝ። ድምፅዎ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያስፈራኝም እርሱ ነው፤ እውነትም ሊረዱኝ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

የቅጹ ርእስ «የስም ለውጥ ማመልከቻ» ይላል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «እኔ አመልካች ስሜን በገዛ ፈቃዴ የቀየርኩ ስለሆነ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ስሜን ቀይሬ አላውቅም። የቀየረው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ያውም ፈቃዴን ሳይጠይቅ። ይህን ስነግርዎ ፈገግ ብለው «ማንም አያነበውም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ማንም የማያነበውን ማንበብ የኔ ሥራ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው። ስለዚህ ቅጹን እስከ ግርጌው አነበብኩት፤ ግርጌው ላይም በደቂቅ ፊደል እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «የአመልካቹ ነዋሪነት በአዲሱ ስም ይህ ቅጽ ከጸደቀበት ዕለት ጀምሮ ይታሰባል።»

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁዎ። መጀመሪያ አላስተዋሉትም ነበር፤ መነጽርዎን አድርገው አነበቡትና ቅጹን መልሰው አስቀመጡት። እኔ ልመልስልዎ። ከፈረምኩ በዚያ ቤት ተወልዳ ሃያ ሰባት ዓመት የኖረችው ሀኒፋ ከቤታችን ማኅደር ትሰረዛለች፤ በእርሷ ምትክ ትናንት ረቡዕ ከሰማይ የወረደች ሐኒፋ የምትባል እንግዳ ትገባለች። የምርጫ ጣቢያው የሚመዘግበው በአካባቢው ቢያንስ ስድስት ወር የኖረን ሰው ነው፤ እንግዳዋ የአንድ ቀን ነዋሪ ስለሆነች አትመርጥም። ወደፊት ደግሞ ስለ ስድስቱ ቤቶች ቆጠራ ሲመጣ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሱፊያን ልጅ ሀኒፋ የምትባል ሰው የለችም፤ የፈረመችውም ራሷ ናት ይባላል። እርስዎ «አንድ ፊደል ነው» ያሉኝ ቅጽ ካርዴን ሳይሰጠኝ ስሜንና ቤቴን አስፈርሞ የሚወስድ ነው። ይህን አውቀው እንዳልገፉልኝ አምናለሁ። ሳያውቁ ስንት ሰው እንዳስፈረሙበት ግን ዛሬ ማታ አልጋዎ ላይ ሆነው ቢያስቡት አልጠላም።

እስክሪብቶውን መለስኩልዎ። እርስዎም «እንግዲህ እኔ የምችለውን ሞክሬያለሁ» አሉኝና ወደ ስብሰባዎ ሄዱ። ከበሩ ስወጣ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ያንኑ ቅጽ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲሞላ አየሁት። ስሙ ሰላሀዲን ነው፤ በአንደኛው ወረቀት ሰላሀዲን፣ በሌላው ሠላሐዲን ሆኗል። ግርጌውን አስነበብኩት። ቅጹን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተውና «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ዛሬ ተወልጄ ነበር» አለኝ። አሁን ሁለት ነን፤ በእርስዎ አቆጣጠር አራት።

የምፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ራሱ ያሳፍራል። በቤታችን ማኅደር ጠርዝ ላይ «በመታወቂያው ላይ የሚታየው ሐ የጽሕፈት ስሕተት ነው፤ ባለመታወቂያዋ አንድ ናት» የሚል አንድ መስመር፣ ፊርማና ያ የምንሳሳለት ማኅተም። እኔ በሥራዬ በቀን ሁለት መቶ ያህል ስሕተት አርማለሁ፤ ለእያንዳንዱ የሚፈጅብኝ ከትንፋሽ ያነሰ ጊዜ ነው፤ የተሳሳተውን ጸሐፊም «አንተ ሌላ ሰው ነህ» ብዬው አላውቅም።

የመራጮች ምዝገባ ነገ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርዎ ላይ እገኛለሁ። እናቴ አብራኝ ትመጣለች። ጋሽ ሚናስም ደረጃውን እንደሚወጡ ነግረውኛል። ካርድ ያገኙት አርባ አንዱም ሥራ ያለው ከሥራው፣ ሱቅ ያለው ከሱቁ ሰዓት ሰርቆ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል፤ እነርሱ የሚሰለፉት ለአገልግሎት ሳይሆን ለማየት ብቻ ነው። ሰልፉ ከተለመደው ቢረዝምብዎ ስለዚህ አይደንግጡ። ማንም አይጮኽም፤ ማንም መስተዋት አይነካም። ያስተማርኳቸውን ያውቃሉና።

እንግዲህ ደብዳቤዬን ከመዝጋቴ በፊት ከእንግዲህ የማልቀበላቸውን ነገሮች ልንገርዎ፤ ነገ ሲያዩኝ አዲስ እንዳይሆኑብዎ።

«ነገ ተመለሺ» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከነገ በኋላ ነገ የለም። ያልሠራሁትን ስሕተት «በገዛ ፈቃዴ» ብዬ የምፈርምበትን ማንኛውንም ወረቀት፣ ርእሱ ምንም ቢሆን፣ ከጎኑ የሚቀመጠው እስክሪብቶም ምንም ያህል ቢያምር አልቀበልም። በአፍ ብቻ የሚነገር እምቢታንም አልቀበልም፤ መብቴን የሚከለክሉኝ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍረው፣ ፈርመውና ማኅተም መትተውበት ይከልክሉኝ፤ ወረቀቱን ይዤ የት እንደምሄድ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ ያለ ኃላፊን፣ ወርዶ የቀረ ማመልከቻን፣ የተዛወረ ጸሐፊን፣ የመስኮት ቁጥር ሁለትን የታጠፈ ወገብ አልቀበልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በገዛ ቤቴ እንግዳ፣ በገዛ ስሜ ተጠርጣሪ እየሆንኩ «ምን ያካብድሻል» መባልን አልቀበልም። ስሜ ከባድ ነው። ለዚህም ነው አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ዘጠኝ ቀን ማንሣት ያቃተው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ አክብሮት ከተመላለስኩባቸው ደረጃዎች ቁጥር ጋር እየጨመረ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና ቀጥ ብሎ የሚነበብ ፊደል እየተመኘሁልዎ፣ ከፍ ባለ ትሕትናና ከዚያም ከፍ ባለ ትዕግሥት ማጣት፣

ሀኒፋ ሱፊያን ረሻድ
የወረዳው ነዋሪ፣ ከተወለደች ጀምሮ
ሐሙስ፣ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አይናዲስ፣ ስለ ሳቃቸው ከምስጋና ጋር
ለአቶ ተስፋማርያም፣ ወደተዛወሩበት

በተጨማሪ፦ ዛሬ ከደጅዎ ስወጣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከበርዎ በላይ ያለው ሰሌዳ «ህዝብን ማገልገል ክብር ነው» ይላል። ደብዳቤዎችዎ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ዙሪያ ደግሞ «የሕዝብ አገልጋይ» የሚል ተቀርጿል። በእርስዎ ሕግ መሠረት እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው፤ አንደኛው በር ላይ የሚቆም፣ ሌላው ከማኅተሙ ጋር ውስጥ የሚቀመጥ። የቀጠረዎ የትኛው እንደሆነ መዝገብዎን ገልጠው ቢያረጋግጡ ይመረጣል። እኔ ግን በር ላይ የሚቆመውን መሆን ከነገ ጀምሮ አልቀበልም።